ፀደይ፣ በረዶና በልግ፦ የወቅት ቃላት ታሪክ ከዳባት እስከ ስሜን ተራሮች

1. መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለገበሬዎች የሚሆን የእርሻ መመሪያ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ጠይቆኝ ነበር። የመመሪያው ጸሐፊ የውጭ አገር ሰው ስለ ነበረ፣ ማሳ ደጋግሞ የሚታረስበትን ጊዜ የገለጸው በአገሩ ከብርዱ ወራት ቀጥሎ በሚመጣው የአበባ ወቅት ስም ነው። እኔም ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ሳላመነታ «ፀደይ» ብዬ መለስሁት። መመሪያው ከታተመ በኋላ ዳባት አጠገብ በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር ሲነበብ ለመስማት አጋጣሚውን አገኘሁ።

«ማሳው በፀደይ ሁለት ጊዜ ይታረስ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሲነበብ፣ ከአድማጮቹ መካከል የነበሩ አንድ አረጋዊ ካህን፣ «መልካም ብሏል፤ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ እኛም የምናርሰው ያን ጊዜ ነው» አሉ። መጽሐፉን ያነብላቸው የነበረው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የልጅ ልጃቸው ግን ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ ፀደይ እኮ መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ የተማርነው እንዲህ ነው» አላቸው። ካህኑም ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ የጻፍኸው አንተ ነህና ፍረደን፤ የቱን ፀደይ ነው ያልኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እውነቱን ለመናገር የቱንም አላሰብሁም ነበር። በወገራ ምድር መስከረም ላይ ማሳው በሰብል የተሸፈነ ስለ ሆነ፣ የልጁን ትርጉም የተከተለ ሰው እሸቱን ገልብጦ ያርሳል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ይህን የሚያደርግ ገበሬ የለም። የሚያደርገው መመሪያውን ማጠፍና ሁለተኛ አለማንበብ ነው። የተርጓሚ ስሕተት ዋጋም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ አዝመራ አያጠፋም፣ እምነት ያጠፋል።

የካህኑ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተለየኝም። በዚህ ጽሑፍ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከስሜን ግርጌ በመነሣት ጥቂት የወቅትና የአየር ጠባይ ቃላት በታሪክ ውስጥ እንዴት ቦታ እንደ ለወጡ ለማሳየት፣ ከዚያም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚጠቅም አሳብ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

2. ቦታውና ኑሮው

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ዳባትን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆነው ደባርቅን ያገኛል። ይህ የወገራ አምባ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ መሬቱ እየወጣ ሄዶ ከ4500 ሜትር በሚበልጠው በራስ ዳሸን ይደመደማል፤ በስተ ሰሜን ደግሞ በሊማሊሞ ገደል በኩል ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ተጓዡን ከብርድ ወደ ሙቀት የሚያወርደው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው።

ስለዚህ በደባርቅ ገበያ ሁለት የአየር ጠባይ በአንድ ቀን ይገናኛል። የደጋው ሰው ገብሱን፣ ስንዴውንና ባቄላውን ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይመጣል። የቆላው ሰው ማሽላውንና ጤፉን ይዞ በስስ ልብስ ዳገቱን ይወጣል። «ዛሬ ብርድ ነው» የሚለው ንግግር ከሁለቱ አፍ ሲወጣ አንድ ዓይነት ፍቺ የለውም። «ደጋ» እና «ቆላ» የሚሉት ቃላትም በሜትር ከመለካታቸው አስቀድሞ ተናጋሪው ከቆመበት ተነሥተው የሚነገሩ፣ «ወጣ» እና «ወረደ» ከሚሉት ግሶች የማይለዩ ቃላት ነበሩ።

ለዝናቡ ያለው የቃል ሀብትም እንደዚሁ ነው። ቀስ ብሎ የሚወርደው ካፊያ ነው፤ ሳያባራ የሚውለው እኝኝ ያለ ዝናብ ይባላል፤ በኃይል የሚወርደው ዶፍ ነው፤ ነፋስ እያላጋ የሚያመጣው ውሽንፍር ነው። ከሊማሊሞ አፋፍ ወደ ላይ የሚወጣው ጉም ነው፤ ሰማዩን ከፍኖ የሚያዋለው ጭጋግ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ብራ ይሆናል። ብራው ሌሊት ደግሞ ቁርና ውርጭ ያመጣል። እነዚህ ቃላት ለጌጥ የተፈጠሩ አይደሉም፤ ለእያንዳንዱ የተለየ የሥራ ትእዛዝ አለው። በካፊያ እረኛው ገሳውን ደርቦ ከብቱን ያሰማራል፤ በዶፍ ይጠለላል። በብራ ቀን የተወቃው ገብስ ይሰጣል፣ ኩበቱ ይደርቃል። ሰኔ ሳይገባ የቤቱ ክዳን ይጠገናል፣ ማገዶው ይከማቻል። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ስለሚሞላ የቆላው መንገድ ያስቸግራል። ሠርጉ ለጥር ይቆያል። ተርጓሚው ይህን ሁሉ «ዝናብ» እና «ብርድ» በሚሉት ሁለት ቃላት ሲያጠቃልለው፣ የሚጠፋው የቃላት ብዛት ብቻ ሳይሆን የኑሮው ሥርዓት ነው።

3. አቅጣጫውን የለወጠው ስም

የቃልን ፍቺ ተናጋሪው የቆመበት ቦታ እንዴት እንደሚወስነው ለማየት የተራራው የራሱ ስም ይበቃል። «ስሜን» እና «ሰሜን» የሚሉት አጻጻፎች ዛሬ እየተቀላቀሉ ይታያሉ፤ አንዱ የአገር ስም፣ ሁለተኛው የአቅጣጫ ስም ነው። በዛሬው አማርኛ «ሰሜን» ከአዲስ አበባም ሆነ ከጎንደር ሆኖ ለሚያይ ሰው ተራራው ያለበት አቅጣጫ ስለ ሆነ፣ ስሙ ለአገሩ የተስማማ ይመስላል። በጥንቱ ግእዝ ግን ቃሉ ደቡብን ያመለክት ነበር፤ «ደቡብ» ደግሞ በአንጻሩ ሰሜንን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአክሱም ቆሞ ለሚያይ ሰው ተራራው ከተከዜ ማዶ፣ በደቡብ በኩል ነው። የመንግሥቱ ማእከል ወደ ደቡብ እየወረደ ሲሄድ ተራራው ካለበት አልተነቃነቀም፤ ስሙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። አገሩን ከኋላው የተወው ትውልድ የአገሩን ስም ለአዲሱ አቅጣጫ ሰጠው።

ይህን ምሳሌ ያነሣሁት ለእንግዳነቱ አይደለም። ፍቺው ወደ ተቃራኒው የዞረ ቃል በቋንቋችን አዲስ እንዳልሆነ፣ ከዚህ በታች የምንመለከተው ፀደይም በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ዕጣ እንደ ደረሰው ለማመልከት ነው።

4. በረዶ፦ ማን፣ ከየት ሆኖ አየው?

ስለ ስሜን የአየር ጠባይ ከተጻፉት መካከል ዕድሜ ጠገቡ ምስክር በአዱሊስ የነበረው የግሪክኛ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በንጉሥ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለው ነጋዴና መነኩሴ ባይገለብጠው ኖሮ ዛሬ አናውቀውም ነበር። ስሙ ያልተረፈ የአክሱም ንጉሥ ተከዜን ተሻግሮ በስሜን ሰዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ ሲናገር፣ ተራሮቹ አስቸጋሪና በበረዶ የተሸፈኑ መሆናቸውን፣ ሰው እስከ ጉልበቱ በበረዶ ይሰምጥ እንደ ነበር ያወሳል። ለሥነ ልሳን ሰው የሚያስደንቀው ጽሑፉ በመውረድ ላይ ያለውን በረዶ፣ ውርጩንና ተከምሮ የቆየውን በረዶ በሦስት የተለያዩ ቃላት መለየቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ጸሐፊዎች አልተስማሙም። በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዠሮኒሞ ሎቦ የተባለ የኢየሱሳውያን ካህን በስሜን በረዶ መኖሩን ጽፏል። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሊማሊሞን ወጥቶ በወገራ በኩል ወደ ጎንደር አለፈ፤ በረዶ ግን እንዳላየ ጻፈ። ሄንሪ ሶልት በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ በስሜን ተራራ ላይ በረዶ ማየቱን ገልጾ፣ ብሩስ ያላየበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ብሩስ ያለፈው በተራራው ግርጌ ብቻ በመሆኑ ነው አለ። ብሩስ አልዋሸም፤ ሎቦና ሶልትም አልዋሹም። የተለያየው ከፍታቸው ነው። ዛሬ በደባርቅ ዕድሜውን ሙሉ የኖረ ሰው ከሰማይ የሚወርድ ጠጠር በረዶ በየዓመቱ ሊያይ ይችላል፤ ነጭ ሆኖ መሬት የሚያለብሰውን በረዶ ለማየት ግን ወደ ቧሂትና ወደ ራስ ዳሸን መውጣት ይኖርበታል።

አሁን ወደ አማርኛው እንመለስ። ግእዝ ጠጠሩን «በረድ»፣ ብናኙን «ሐመዳ»፣ የረጋውን «አስሐትያ» በማለት ይለይ ነበር። አማርኛ «በረዶ» የሚለውን ቃል ለሦስቱም አዋለው፤ በከተማም ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋው ውሃ እንዲሁ በረዶ ተባለ። የሐመዳ ዘመድ የሆነው «አመዳይ» ደግሞ ብዙ ጊዜ በማለዳ ሣር ላይ ለሚታየው ነጭ ውርጭ ይነገራል። ብዙ አውዳሚ ነገር ባይደርስ ይህን መደበላለቅ እንደ ቋንቋው ልማድ ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን በመስከረም የሚወርድ ጠጠር በረዶ የደረሰ ገብስ ሊያረግፍ ይችላል፤ በራስ ዳሸን አናት ላይ የሚያርፈው ብናኝ ማንንም አይጎዳም። የሰብል ጉዳት መግለጫ የሚጽፍ ወይም የሚተረጉም ሰው «በረዶ ወረደ» ብሎ ማቆሙ አይበቃውም።

5. ሁለቱ ፀደዮች

የካህኑና የልጁ ክርክር ወደ ነበረበት ደርሰናል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ (በግእዙ ሐጋይ) ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። አበባ የሚታሰብበት ዘመነ ጽጌም፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው፣ በፀደይ ውስጥ ሳይሆን በመፀው ውስጥ ይውላል። ፀደይ የአበባ ወቅት አይደለም፤ የእርሻና የዘር፣ ደመና የሚጠበቅበት ወቅት ነው። በዚህ አቆጣጠር ካህኑ አልተሳሳቱም።

ታዲያ የልጁ ፀደይ ከየት መጣ? ከትርጉም የመጣ ይመስለኛል፤ የመጣውም በሁለት እርምጃ ነው። በመጀመሪያው እርምጃ የአውሮፓ የአበባ ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ስለሚውል፣ ከእኛ ወቅቶች መካከል በወር የሚቀርበው ፀደይ አቻ ተደርጎ ተያዘ። ይህ በራሱ ስሕተት አልነበረም። በሁለተኛው እርምጃ ግን ቃሉ የአቻውን ጠባይ ወረሰ፤ ፀደይ ሲባል አበባ፣ ልምላሜ፣ ከጨለማ ወራት በኋላ የሚመጣ ብርሃን ማለት ሆነ። ይህ ጠባይ በአገራችን የሚገኘው በመስከረም ነው። ስለዚህ ስሙ ጠባዩን ተከትሎ ከሚያዝያ ወደ መስከረም ተሻገረ፤ የመፀውንም ቦታ ያዘ። በመጀመሪያ በወር ተጋጠሙ፤ ቀጥሎ በጠባይ ተዛወሩ።

በሌሎቹም ወቅቶች የሚታየው መንገድ ከዚህ አይለይም። የአውሮፓን የብርድ ወራት ክረምት፣ የሙቀት ወራቱን በጋ እያልን ስንተረጉም የምናነጻጽረው በወር ሳይሆን በጠባይ ነው። በዚህም ምክንያት ሐምሌ በለንደን በጋ፣ በደባርቅ ክረምት ይሆናል። አንባቢ ይህን የሚቀበለው ክረምትና በጋ በየዕለቱ የሚነገሩ፣ ሥር የሰደዱ ቃላት ስለ ሆኑ ነው፤ ትርጉሙ ቢያዛንፋቸውም ተመልሰው ይቆማሉ። ፀደይና መፀው ግን ከመጽሐፍ ውጭ እምብዛም የማይነገሩ ስለ ሆኑ ራሳቸውን የሚከላከሉበት ኃይል አልነበራቸውም። የዳባት ገበሬ መስከረምን «ጥቢ» ወይም «መስከረም ሲጠባ» ቢል እንጂ በራሱ ንግግር «መፀው» ሲል አይሰማም።

ዛሬ «የፕራግ ፀደይ» እና «የዓረብ ፀደይ» የሚሉት አነጋገሮች በጋዜጣ ተለምደዋል። በእነዚህ ውስጥ ፀደይ የወር ስም ሳይሆን የተስፋ ስም ነው። ስለዚህ አዲሱን ፍቺ በዐዋጅ ማጥፋት አይቻልም፤ ደግሞም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሁለቱ ፍቺዎች መኖራቸውን ሳይደብቁ መመዝገብ ነው።

6. በልግ፦ ጊዜ፣ ዝናብ፣ ሰብል

ሦስተኛ አቆጣጠርም አለ። በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ የተቋቋመውና ዛሬ ኢንስቲትዩት የሆነው የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ዓመቱን በሦስት ወቅት ይከፍላል፤ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። ክፍፍሉ የዝናብን ሥርጭት የተከተለ በመሆኑ ለሙያው ተገቢ ነው፤ ቃላቱንም ከሕዝቡ ወሰደ እንጂ አዲስ አልፈጠረም። ይሁን እንጂ «በልግ» በሁሉም ቦታ አንድ ነገር አይደለም። በደቡብ፣ በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ በልግ የጊዜ ስም፣ የዝናብ ስምና የሚታጨድ ሰብል ስም ነው። በደባርቅና በዳባት ግን የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በክረምት የሚወርድ ስለ ሆነ፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ በዋናነት መሬቱን ለማረስ የሚያለሰልስ ነው። «የበልግ ዝናብ ከመደበኛ በታች ይሆናል» የሚለው ትንበያ ለአንዱ አካባቢ የምግብ እጦት ማስጠንቀቂያ፣ ለሌላው የእርሻ መዘግየት ማስታወቂያ ነው። «መኸር» የሚለውም ቃል እንዲሁ ጊዜን፣ የአጨዳ ሥራንና በክረምት ዝናብ የበቀለውን ሰብል በአንድነት ይሸከማል።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የቅርብ ዓመታት አሳይተውናል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ጃን አሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን የመሰሉ የሰሜን ጎንደር ወረዳዎች በድርቅ ተጎድተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማስጠንቀቂያው ከመሥሪያ ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ መንደር የሚደርሰው በቃል ነው። ቃሉ በመንገድ ላይ ፍቺውን ከቀየረ ማስጠንቀቂያው ቢደርስም እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

7. ውርጭ፦ ወደ ሳይንስ የወጣ፣ ከመንደር የወረደ

የተሳካ ምሳሌም አለ። «ውርጭ» በገበሬው አፍ ብራ ሌሊት የሚያመጣው፣ ቡቃያ የሚያቃጥል ብርድ ነው። እንዲሁም እጅግ ብርዳም የሆነውን ከፍተኛ አገር ያመለክታል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በስሜን የሠራው የስዊዘርላንድ የመልክዐ ምድር ሊቅ ሃንስ ሁርኒ፣ በኋላ የኢትዮጵያን የእርሻ ሥነ ምኅዳር ሲከፋፍል፣ ቆላን፣ ወይና ደጋንና ደጋን እንደ ያዘ ሁሉ ከ3200 ሜትር በላይ ያለውንም ውርጭ በሚለው ስሙ ያዘው። የባዕድ ቃል አላስገባም፤ የሕዝቡን ቃል በሜትር ወሰነው። ዛሬ ቃሉ በውጭ ቋንቋ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ሙያዊ ቃል ለማውጣት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ አስቀድሞ የተሰየመውን መጠየቅ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ይሁን እንጂ ቃሉ ወደ ሳይንስ ሲወጣ ተናጋሪዎቹ ከውርጩ ወርደዋል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከ3500 ሜትር በላይ፣ ጅባራና ጓሳ በሚበቅልበት ምድር ገብስ እየዘራ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ ተዛውሯል። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ለአደጋ ከተጋለጡት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ዋልያውና ሣሩ እንዲጠበቁ የተደረገው ጥረት የሚመሰገን ነው። የእኛ ሙያ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ በዚያ ከፍታ የዝናቡን፣ የጉሙንና የውርጩን ዓይነት ይለዩበት የነበሩት ቃላት በ2850 ሜትር ላይ በከተማ ዳርቻ ለሚያድጉ ልጆች ምን ያደርጉላቸዋል? ቃል ጥቅሙን ካጣ በአንድ ትውልድ ውስጥ ይረሳል። ከዚያ የመጡት አዛውንት ዛሬ በቅርብ አሉ፤ ደባርቅም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ለቃል ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይመጣም።

8. መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው በመነሣት የሚከተሉትን ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፣ «ፀደይ» በመዝገበ ቃላት ሁለት ፍቺ ተለይቶ ይሰጠው፤ አንደኛው በዘመን አቆጣጠር ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ሁለተኛው በትምህርት ቤትና በጽሑፍ አማርኛ የመስከረምን የአበባ ወራት የሚያመለክተው። ተርጓሚውም ለእርሻ፣ ለጤናና ለማስጠንቀቂያ በሚውል ጽሑፍ የወቅቱን ስም ትቶ ወሩን በስሙ ይጻፍ። መጋቢት ሁልጊዜ መጋቢት ነው።

ሁለተኛ፣ «በልግ» እና «መኸር» ሲፈቱ ጊዜው፣ ዝናቡ ወይም ሥራው፣ ሰብሉም በተራ ቍጥር ይለዩ፤ ቃሉ የሚነገርበትም አካባቢ ይጠቀስ።

ሦስተኛ፣ «በረዶ» ዋና ቃል ሆኖ ይቆይ፤ ልዩነት በሚያስፈልግበት ጽሑፍ ግን «ጠጠር በረዶ»፣ «ብናኝ በረዶ» እና በሥራ ላይ ያለው «ግግር በረዶ» እየተባለ ይለይ። «አመዳይ» እና «ውርጭ» ከነልዩነታቸው ይመዝገቡ።

አራተኛ፣ የአየር ጠባይ ቃላት ሲሰበሰቡ ቃሉ የተሰማበት ከፍታ ከቃሉ ጋር ይጻፍ። ብሩስና ሶልት ከፍታቸውን ለይተው ቢነጋገሩ ኖሮ ክርክር ባላስፈለጋቸው ነበር።

ካህኑ «ፍረደን» ባሉኝ ቀን የሰጠኋቸው መልስ፣ «አባቴ፣ የርስዎ ፀደይ ነው» የሚል ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ይህም እስካሁን ያሳዝነኛል፤ እርሱም የተማረውን በትክክል ተናግሯልና። በሚቀጥለው እትም ቃሉን አውጥቼ «ከመጋቢት እስከ ሰኔ» ብዬ ጻፍሁ። ሁለቱም ቢያነቡት የሚጣሉበት ነገር አይኖርም።